ካንዴላና የአየር ማጣሪያ በመለወጥ የጭነት መኪና ጉልበት ይጨምራልን?

ከመንዝና ከግሼ፥ ከመርሐ ቤቴም ደጋ እህል የሚያወርደው፥ ወደዚያም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያወጣው የጭነት መኪና ነው። በቅሎና አህያ ከገበሬው ደጅ እስከ መንገድ ዳር የሚሠሩት ሥራ ዛሬም ታላቅ ቢሆን፥ ከመሐል ሜዳ እስከ ደብረ ብርሃንና እስከ አዲስ አበባ ያለው ጕዞ ግን የሞተር ሥራ ሆኗል። ስለዚህ የመኪናው ድካም የገበሬውም ድካም ነው። በሰኔ ለሚዘራ ማሳ የታሰበ ማዳበሪያ በዳገት ላይ ቆሞ ቢሰነብት፥ ጕዳቱ የሾፌሩና የባለ መኪናው ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ይህን ድካም ያዩ ባለ መኪናዎችና የመንግሥት መኪና በኀላፊነት የተረከቡ ሹማምንት መድኀኒት መፈለጋቸው ተገቢ ነው። ከሚቀርብላቸውም መድኀኒት ውስጥ አዘውትሮ የሚሰማው ሁለት ነው፤ አንደኛው ዋጋው ከተራው ብዙ እጥፍ የሆነ «የተሻሻለ» ካንዴላ፥ ሁለተኛው ከተራው ይልቅ አየር በብዛት ያስገባል የሚባል ልዩ የአየር ማጣሪያ ነው። ሻጩ እነዚህን ሁለቱን የለወጠ ሰው የመኪናውን ጉልበት ይጨምራል፥ ነዳጁንም ይቈጥባል ይላል። ይህ ቃል በምን ረገድ እውነት፥ በምን ረገድ ሐሰት እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ የወረዳን ገንዘብ ለሚያዝ ሰው ሁሉ ያስፈልገዋል።

መልሱ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ትክክለኛ ካንዴላና ንጹሕ ማጣሪያ በቸልታ የጠፋውን ጉልበት ይመልሳሉ እንጂ፥ ሞተሩ ሲሠራ ያልነበረውን ጉልበት አይፈጥሩም። የደጋው ከፍታ የወሰደውንም አይመልሱም። ምክንያቱ ከዚህ ቀጥሎ ተራ በተራ ይገለጻል።

የሞተር ጉልበት ከወዴት እንደሚመጣ

ሞተር ምድጃ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በምድጃ ያለው እንጨት አየር ሲያጣ ጢሱ ይበዛል፥ እሳቱም ይከስማል። በሞተርም ውስጥ ያለው ነዳጅ እንደዚሁ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን ፈጽሞ ለመንደድ 15 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ይህም በስፍር ሲታሰብ፥ 1 ሊትር ቤንዚን በባሕር ጠረፍ አገር 9,000 ሊትር ያህል አየር ይበላል ማለት ነው። ናፍጣም ቢሆን ከዚህ ያነሰ አየር አይበቃውም።

የሲሊንደሮቹ ስፋት ተደምሮ 4 ሊትር የሆነ ሞተር ሁለት ጊዜ በዞረ ቍጥር አንድ ጊዜ ሙሉ ይተነፍሳል። በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞርም በየደቂቃው 4,000 ሊትር ገደማ አየር ይስባል። እንግዲህ የሞተሩ ጉልበት የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም በሚተነፍሰው አየር ክብደትና ያ አየር ሊያነደው በሚችለው ነዳጅ ልክ ነው። እሳቱን የሚጭረው ነገር አስፈላጊ ቢሆንም የማገዶውን ብዛት አይለውጥም። ክብሪቱ ትልቅ ስለ ሆነ በምድጃው ያለው እንጨት አይበዛም።

የደጋው አየር ስለ መሳሳቱ

መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በባሕር ጠረፍ የአየር ክብደት በመለኪያ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፥ በ3,000 ሜትር ከፍታ ወደ 525 ይወርዳል። ስለዚህ በመንዝ ደጋ ያለው አየር በጅቡቲ ወደብ ካለው አየር ጋር ሲመዛዘን ከሩብ የሚበልጠውን ክብደቱን አጥቷል።

ይህን ነገር የመንዝ ባልቴት ያለ መለኪያ ታውቀዋለች። በቆላ ፈጥኖ የሚበስለው ባቄላ በደጋ ምድጃውን ይዞ ይውላል። ይህም የሚሆነው ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በመሐል ሜዳ ግን በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ነው። ምጣዱና ማገዶው አልተለወጡም፤ የተለወጠው ከላይ የሚጫነው አየር ነው። ባቄላውን የሚያዘገየው የአየር መሳሳት መኪናውንም የሚያዘገየው እርሱ ራሱ ነው።

በሞተር ባለሙያዎች ዘንድ በግምት የሚሠራበት ልክ እንዲህ ነው፤ አየርን በራሱ ትንፋሽ ብቻ የሚስብ ሞተር 100 ሜትር ከፍ ባለ ቍጥር ከመቶ አንድ ያህል ጉልበቱን ያጣል። እንግዲህ በጅቡቲ ወደብ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና መሐል ሜዳ ሲደርስ የቀረው 70 ገደማ ነው። ሠላሳዎቹ ፈረሶች በመንገድ ቀርተዋል ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ሆነች፥ ከዚያ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር የሚወጣ ሾፌር ይህን ለውጥ በአንድ ጧት ውስጥ ያየዋል። በቆላው በአራተኛ ማርሽ የሄደው መኪና ከዳገቱ አናት ላይ በሁለተኛው ይለምናል። ይህ የመኪናው ሕመም አይደለም፤ ጤነኛም መኪና እንዲህ ይሆናል።

ይህን ያላወቀ ባለ መኪና ጤነኛውን ሞተር እንደ ታመመ ቈጥሮ ገንዘቡን በመድኀኒት ይጨርሳል። የከፍታን ጕድለት በእርግጥ የሚክስ መሣሪያ ተርቦ ብቻ ነው። ተርቦ በሚወጣው ጢስ ኀይል ራሱን አዙሮ አየሩን በግድ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባ መንኰራኵር ነው። መሣሪያው ከፋብሪካው የተሠራለት መኪና በደጋ የሚያጣው ጉልበት ከሌላው እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለመንዝና ለግሼ መንገድ አዲስ መኪና ሲገዛ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ተርቦ ያለው መሆኑን ነው።

ናፍጣ የሚጠጣ መኪና ካንዴላ የሌለው ስለ መሆኑ

ስለ ካንዴላ ከመነጋገር በፊት መኪናው ካንዴላ ያለው መሆኑን ማወቅ ይገባል። የቤንዚን ሞተር ቤንዚንና አየሩን ቀላቅሎ ይጨምቅና በካንዴላ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ያነደዋል። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ብቻ ስቦ ከ16 እስከ 20 እጥፍ ያህል ይጨምቀዋል። አየሩም በመጨመቁ ብቻ ከ500 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በዚያን ጊዜ ናፍጣው በመርጫው በኩል ሲረጭ ያለ ምንም ብልጭታ በራሱ ይነዳል። ይህን ሥራ ያወጣው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል ሲሆን፥ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በአውሮጳ አቈጣጠር በ1893 ዓ. ም. ነው።

የናፍጣ መኪና ለዚህ አገር ዳገት እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ. ም. የኢጣሊያ ሠራዊት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በካሚዮን ሲገሠግሥ የወጣው በጣርማ በር በኩል ነበረ። በዚያም አርበኞች መንገዱን ንደውት ስለ ነበረ ጕዞው ተገትቶ ቈይቷል። በዚያ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ካሚዮኖች አንዱ «ትሬንታ ኳትሮ» የተባለው ፊያት 634 ኤን ነው። በስሙ መጨረሻ ያለው «ኤን» የሚለው ፊደል በኢጣልያንኛ ናፍጣ ማለት ሲሆን፥ ናፍጣ የሚለውም ቃል ከዚያው ቋንቋ ወደ አማርኛ የገባ ነው። ከነጻነት በኋላ በመላው አገር የታወቀው «ኤን ትሬ» ይህንኑ ፊደል ይዞ መጣ። ዛሬም እህልና ማዳበሪያ የሚያመላልሱት አይሱዙና ሲኖ ትራክ የሚሠሩት በናፍጣ ነው።

እንግዲህ ለእነዚህ መኪናዎች «ጉልበት የሚጨምር ካንዴላ» ሊሸጥ የመጣ ሰው፥ በቅሎ ለሌለው ሰው ኮርቻ እንደሚሸጥ ነው። ምናልባት ሻጩ የሚያሳየው በአንዳንድ የናፍጣ ሞተር ላይ የሚገኘውን ማሞቂያ ካንዴላ ሊሆን ይችላል። ይህ በመልኩ ካንዴላን ቢመስልም ሥራው ሌላ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት የመንዝ ጧት፥ የቀዘቀዘው ሞተር እንዲነሣ ሲሊንደሩን ለጥቂት ጊዜ ያሞቃል፤ ሞተሩ ከተነሣና ከሞቀ በኋላ ግን ሥራው አብቅቷል። ማሞቂያው ሲበላሽ መኪናው ጧት አልነሣ ይላል፥ ነጭ ጢስም ያወጣል። በዚህ ጊዜ መለወጥ ይገባል። ዳገት ለማውጣት ብሎ መለወጥ ግን ከንቱ ወጪ ነው።

በናፍጣ መኪና ላይ የካንዴላውን ቦታ የያዙት የናፍጣ ፖምፓውና መርጫዎቹ ናቸው። እዚህ ላይ ሹማምንት ሊጠነቀቁት የሚገባ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ይኸውም መኪናው በዳገት ሲደክም ፖምፓውን «መክፈት»፥ ማለት ናፍጣው ከልኩ በላይ እንዲረጭ ማድረግ ነው። አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ የተጨመረው ናፍጣ የሚነድበት አየር አያገኝም። በጥቍር ጢስ ሆኖ ይወጣል፥ የሞተሩንም ሙቀት ከልክ በላይ ያደርጋል፥ ዘይቱንም ያጠቍራል። በዳገት ላይ ጥቍር ጢስ የሚተፋ መኪና ጉልበቱን ሳይሆን የባለቤቱን ገንዘብ በሰማይ ላይ እየበተነ ነው። በደጋ ብቻ የሚሠራ መኪና ፖምፓው በዐዋቂ እጅ ለደጋው አየር እንዲስተካከል ያስፈልጋል። ከፍታውን ተከትሎ ናፍጣውን በራሱ የሚቀንስ መሣሪያ ያለው ፖምፓ ከሆነ ግን ያ መሣሪያ መሥራቱን ማስመርመር ይበቃል።

የቤንዚን መኪና ካንዴላ

ካንዴላ በእርግጥ ሥራ ያለው በቤንዚን በሚሠሩት ላይ ነው። እነዚህም በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚገኙ አንዳንድ ትንንሽ መኪናዎችና የግብርና ባለሙያዎች በየቀበሌው የሚዘዋወሩባቸው ሞተር ብስክሌቶች ናቸው። በእነዚህ ላይ የካንዴላ ነገር ቀላል አይደለም። አራት ሲሊንደር ካለው ሞተር አንዱ ካንዴላ ቢሞት፥ ከጉልበቱ ሩቡ ይጠፋል፤ ያልነደደውም ቤንዚን በከንቱ ይወጣል። አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው ሞተር ብስክሌትማ ፈጽሞ ይቆማል።

ያረጀ ካንዴላ በአዲስ ሲለወጥ መኪናው በእርግጥ ይበረታል። የተሻሻለ ካንዴላ ያስገባ ሰው «ጉልበት ጨመረልኝ» ሲል ብዙ ጊዜ አይዋሽም፤ ዳሩ ግን የጨመረለት የካንዴላው መሻሻል ሳይሆን አዲስ መሆኑ ነው። በርካሽ ዋጋ ትክክለኛውን ተራ ካንዴላ ቢያስገባ ኖሮ ያንኑ ያገኝ ነበር።

ፕላቲኒየም ወይም ኢሪዲየም በተባለ ማዕድን የተሠሩት ውድ ካንዴላዎች ጥቅም የላቸውም ማለት አይደለም። ጥቅማቸው ዕድሜ ነው። ጫፋቸው ቶሎ ስለማይበላ፥ ተራው ካንዴላ 30,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ እነርሱ እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ሊደርሱ ይችላሉ። ፋብሪካው ይህን ዓይነት እንዲገባ ያዘዘለት መኪና እርሱን ሊያገኝ ይገባዋል። ተራውን ላዘዘለት መኪና ግን ውዱን ማስገባት የመለወጫውን ጊዜ ያራዝማል እንጂ የፈረስ ጉልበት አይጨምርም።

«ደጋ ስለ ሆነ ብርቱ ብልጭታ ያስፈልጋል» የሚለውም ቃል ነገሩን ገልብጦ ይናገራል። የኤሌክትሪክ ብልጭታ ጥቅጥቅ ባለ አየር ውስጥ ከመዝለል ይልቅ በሳሳ አየር ውስጥ መዝለል ይቀለዋል። ስለዚህ በመሐል ሜዳ ያለው ካንዴላ በቆላ ካለው ይልቅ ሥራው ይቀልለታል እንጂ አይከብደውም።

የካንዴላ ትልቁ ጥቅም የሞተሩን ጤና መናገሩ ነው። ሐኪም ምላስን አይቶ እንደሚመረምር፥ ዐዋቂ መካኒክም ካንዴላውን ፈትቶ ያያል። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደኅና ነው። በደረቅ ጥላሸት ከጠቈረ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። ካርቡራቶር ያለው መኪና ከቆላ መጥቶ በደጋ ሲሠራ ይህ ዘወትር ይገኛል፤ መድኀኒቱም የካርቡራቶሩን ቀዳዳ ለደጋው አየር ማስተካከል እንጂ ካንዴላ መለዋወጥ አይደለም። በዘይት ከረጠበ የፒስቶን ፋሻው ወይም የቫልቩ መጥበቂያ አልቋል። ነጭ ሆኖ ከተኰማተረ ሞተሩ ከልክ በላይ ሙቋል፥ ወይም የሙቀት ደረጃው ለሞተሩ የማይስማማ ካንዴላ ገብቶበታል። ይህን ምልክት ሳያነቡ ካንዴላውን ጥሎ ሌላ ማስገባት፥ ደብዳቤውን ሳያነቡ መልእክተኛውን እንደ ማባረር ነው።

የአየር ማጣሪያና የበጋው ዐቧራ

ማጣሪያ ከካንዴላ ይልቅ ለጭነት መኪና የሚያስብ ሰው ሊከታተለው የሚገባ ነገር ነው። ካንዴላ የሌለው የናፍጣ መኪና ሁሉ ማጣሪያ አለው። አስፋልት በሌለበት የወረዳና የቀበሌ መንገድ በበጋ የሚሄድ መኪና ከፊቱ የቀደመውን መኪና ዐቧራ በደቂቃ በሺህ በሚቈጠር ሊትር አየር ውስጥ ይስባል። በዚያ ዐቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ብረትን የሚፍቅ ነው። በማጣሪያው በኩል አልፎ ከዘይት ጋር ከተቀላቀለ፥ ሲሊንደሩንና የፒስቶን ፋሻውን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይፈጫል። ከዚያ በኋላ መኪናው ዘይት ይጠጣል፥ ሰማያዊ ጢስ ያወጣል፥ ጉልበቱም አይመለስም። የሞተር እድሳት ዋጋ ከብዙ ማጣሪያ ዋጋ ይበልጣል።

እንግዲህ የማጣሪያ ሥራ ሁለት ነው፤ አየርን ማሳለፍና ዐቧራን ማስቀረት። ሻጮች የሚናገሩት ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። በዐቧራ የታፈነ ማጣሪያ ትንፋሽ ከልክሎ ጉልበት መንሣቱ እውነት ነው። ነዳጅን ስለ ማባከኑ ግን ነገሩ እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። በአሜሪካ የሚገኘው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2001 ዓ. ም. ባወጣው ጥናት የቤንዚን መኪናዎችን በታፈነና በንጹሕ ማጣሪያ እያስኬደ ለክቶ ነበረ። በኮምፒውተር የሚመሩት አዳዲስ ሞተሮች በታፈነ ማጣሪያ ሲሄዱ የነዳጅ ፍጆታቸው ያን ያህል አልተለወጠም፤ ሞተሩ የአየሩን ማነስ ዐውቆ ቤንዚኑን ስለሚቀንስ ነው። ፍጥነት ለማንሣት ያላቸው ኀይል ግን ቀንሶ ተገኘ። ካርቡራቶር ባለው አሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ማጣሪያ መለወጡ ከመቶ ከ2 እስከ 6 የሚሆን ነዳጅ አድኗል።

ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ግን በቂ አየር ሲያጣ ጥቍር ጢስ በማውጣት ራሱ ይናገራል። አየሩ በተፈጥሮው በሳሳበት በመንዝ ደጋ፥ የታፈነ ማጣሪያ ያለው መኪና በጕድለት ላይ ጕድለት ይጨመርበታል። በከፍታው ምክንያት ከ100 ፈረስ 70 የቀረው መኪና፥ በቸልታ ምክንያት ከቀሩትም ሌሎች እንዲያጣ መፍቀድ አይገባም።

አየር በብዛት ያስገባሉ የሚባሉት በዘይት የራሰ ጥጥ ያለባቸው ልዩ ማጣሪያዎች ከንጹሕ የወረቀት ማጣሪያ ጋር ሲነጻጸሩ የሚጨምሩት ጉልበት በተለመደው መኪና ላይ እጅግ ጥቂት ነው። ምክንያቱም ንጹሕ የሆነ የፋብሪካው ማጣሪያ ሞተሩ የሚፈልገውን አየር ለማሳለፍ አስቀድሞ ተለክቶ የተሠራ ነው። አየር በቀላሉ የሚያልፍበት ወንፊት ግን ዐቧራም በቀላሉ ሊያልፍበት ይችላል። ይህ ማጣሪያ የተስፋፋው ሞተራቸው ቶሎ ቶሎ በሚታደስ የእሽቅድምድም መኪናዎች ዘንድ ነው፤ ለዓመታት ዐቧራ እየበላ እህል ለሚያመላልስ ካሚዮን ግን የሚስማማ አይደለም። ከዚህም በላይ ዘይቱ በዝቶ ከተቀባ፥ በአዳዲስ ሞተሮች ላይ የሚገባውን አየር የሚለካውን መሣሪያ ሊያቈሽሸው ይችላል።

የማጣሪያ አያያዝ

ትክክለኛውን ማጣሪያ መግዛት ብቻ አይበቃም፤ አያያዙም እንዲሁ ሊጠበቅ ይገባል። በበጋ ወራት ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ ከፍቶ ማየት ያሻል። የወረቀቱ ማጣሪያ በታመቀ አየር ሲጸዳ፥ ነፋሱ ኀይሉ ቀለል ብሎ ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋል እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አይነፋም። በድንጋይ ወይም በጎማ ላይ መደብደብ፥ በውኃ ወይም በቤንዚን ማጠብ ወረቀቱን ይቀድደዋል።

ከተጸዳ በኋላ በጨለማ ቦታ በውስጡ መብራት አስገብቶ በዙሪያው ማየት ይገባል። እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ብርሃን የታየበት ማጣሪያ ወዲያው ይጣላል፤ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ ከታፈነው ይልቅ ክፉ ነውና። የታፈነው ጉልበት ይነሣል፥ የተቀደደው ግን ሞተሩን ይገድላል። የማጣሪያው ቤት ክዳንና ወደ ሞተሩ የሚወስደው ጎማ ቱቦም እንደዚሁ እንዳይላላና እንዳይሰነጠቅ ይታያል። በዘይት ማጠቢያ የሚሠራ ማጣሪያ ያላቸው አሮጌ ካሚዮኖች ደግሞ በሣህኑ ሥር ጭቃ ሲከማች ታጥበው፥ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ድረስ ብቻ ይሞላላቸዋል።

ከመግዛት በፊት መፈተን

ስለ ማናቸውም «ጉልበት የሚጨምር» ዕቃ የተነገረውን ለማረጋገጥ የወረዳው ሹም መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሚዛኑን ትክክል ማድረግ ብቻ ነው። ያንኑ መኪና፥ ያንኑ ሾፌር፥ ያንኑ ጭነት በኵንታል ተቈጥሮ፥ በዚያው ዳገት፥ ዝናብ በሌለበት ቀን ያስኬዳል። የነዳጁን ገንዳ አፍ እስኪደርስ ሞልቶ ይነሣል፤ ሲመለስ ዳግመኛ ሞልቶ የገባውን ሊትር ይጽፋል። ዳገቱን ለመውጣት የፈጀውንም ጊዜ በሰዓት ይመዘግባል።

በመጀመሪያ በአሮጌው ዕቃ፥ ቀጥሎ በንጹሕ ተራ ዕቃ፥ በመጨረሻ በውዱ ዕቃ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ይፈትናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መካከለኛውን ፈተና በመተዉ ነው። አሮጌውን ከውዱ ጋር ብቻ ያነጻጸረ ሰው ንጽሕና ያመጣውን ጥቅም ለዋጋው ይሰጠዋል። ውዱ ዕቃ ከንጹሑ ተራ ዕቃ የሚበልጥ ሆኖ በመዝገብ ካልታየ፥ ገንዘቡ ለሌላ ጕዳይ ቢውል ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ

የዚህ ነገር ጕዳት በከንቱ በወጣ ገንዘብ ብቻ ቢያበቃ ቀላል በሆነ ነበር። ዳሩ ግን መኪናው በረታ ብሎ ያመነ ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው ጭነት መጨመር ነው። ከመሐል ሜዳ የተነሣ መኪና ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ቢወርድ፥ በአንድ መንገድ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ቍልቍለት ይጠብቀዋል። ወደ ዠማ ሸለቆ የሚወርደውም የመርሐ ቤቴ መንገድ ከዚህ የሚቀል አይደለም። በቍልቍለት ላይ የተጨመረው ጭነት በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል መያዙን ይተዋል። ካንዴላና ማጣሪያ የለወጠ ሰው ፍሬኑን አልለወጠም። ሳስቶ ያለው የደጋ አየር ሞተሩ በማርሽ መኪናውን ይዞ የሚያስቀርበትን ኀይል ደግሞ ይቀንሳል።

ስለዚህ ለመኪና የተመደበው ገንዘብ ጥቂት በሆነበት ወረዳ የወጪው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ቢሆን ይጠቅማል። 1ኛ፥ ፍሬንና ጎማ። 2ኛ፥ በጊዜው የሚለወጥ ዘይትና ንጹሕ፥ ያልተቀደደ፥ በፋብሪካው ቍጥር የተገዛ የአየርና የናፍጣ ማጣሪያ። 3ኛ፥ የውኃ ማቀዝቀዣው ራዲያተር ከነክዳኑ፤ ውኃ በደጋ ቶሎ ስለሚፈላ ግፊት የማይዝ ክዳን ሞተሩን ያቃጥላልና። 4ኛ፥ የፖምፓና የመርጫ ምርመራ፥ ለቤንዚን መኪናም በፋብሪካው ቍጥር የተገዛ ትክክለኛ ካንዴላ። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ለተሻሻለው ዕቃ ማሰብ ይቻላል፤ ከእነዚህ በፊት ግን አይገባም።

ዕቃው ሲገዛም በመኪናው መጽሐፍ ላይ ያለው ቍጥር ተጽፎ ለገዢው ሊሰጠው ይገባል። ማሸጊያው አንድ ዓይነት መስሎ ውስጡ የተለየ አስመሳይ ዕቃ በገበያ ስላለ፥ ከታወቀ ነጋዴ በደረሰኝ መግዛት ይሻላል። የተለወጠበት ቀንና መኪናው የሄደው ኪሎ ሜትርም በመኪናው መዝገብ ይጻፍ።

የደጋ ገበሬ በሬው በዳገት ላይ ሲደክም ቀንበሩን በወርቅ አያስለብጠውም፤ ይልቁንም ያሳርፈዋል፥ ይመግበዋል፥ ሸክሙን ያቀልለታል። መኪናም ከዚህ የተለየ ነገር አይፈልግም። ከፍታው የወሰደውን ሠላሳ ፈረስ ማንም ሻጭ በሣጥን ይዞ አይመልሰውም፤ የቀሩትን ሰባ ፈረሶች ግን በንጽሕናና በትክክለኛ ጭነት መጠበቅ በእያንዳንዱ ባለ መኪናና በእያንዳንዱ ሹም እጅ ነው። ማዳበሪያው ከሰኔ ዝናብ በፊት መሐል ሜዳ የሚደርሰው በእነዚህ በሰባዎቹ ነው።